የጓሮ አቮካዶ ማዳቀል፦ ከዘሩ እስከ መጀመሪያው ፍሬ

ጎረቤቴ ከዘር ያበቀለችው አቮካዶ ከቆርቆሮ ጣሪያዋ በላይ ወጥቶ፣ የግቢውን ፀሐይ ጠቅልሎ ወስዶ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ሲያራግፍባት ኖረ። በዘጠነኛው ዓመት አፈራ። ፍሬው ክር የበዛበት፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ ዘሩ ከሥጋው የሚበልጥ ነበር። «እኔ እኮ ዘሩን ያስቀረሁት እንደ ቅቤ ከሚለሰልስ አቮካዶ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም፤ ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን የመምሰል ግዴታ የለበትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአቮካዶ አበባ ንብ ከየትም ዛፍ ባመጣችው ብናኝ ሊፀንስ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ የተለቀሙ አሥር ፍሬዎች ውስጥ አሥር የተለያዩ ዘሮች አሉ፤ እያንዳንዱም እንደ ሎተሪ ነው። አልፎ አልፎ ሎተሪው ይወጣል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ ዘር ገዝቶ ተከለ። ሐሳቡ በችግኞቹ ላይ በዘመኑ ተፈላጊ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ ማዳቀል ነበር። በአንዷ ችግኝ ላይ ግን ተደጋግሞ ቢሞከር አልይዝ አለ። ተስፋ ቆርጦ ተዋት፤ እርሷም በራሷ አፈራች፤ ፍሬዋም ከፉዌርቴ በለጠ። በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣላት። ያቺ እናት ዛፍ በ2002 በሥር አበስባሽ በሽታ ሞታለች። ዛሬ በዓለም ያለው የሃስ ዛፍ ሁሉ ግን ከእርሷ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ፣ ከዚያም የዚያ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ፣ እንዲህ እየተቀጠለ የመጣ ነው። የዓለም ገበያን የያዘው ዝርያ የተገኘው ከከሸፈ ማዳቀል መሆኑ፣ የመጀመሪያ ሙከራው ለሚከሽፍበት ጀማሪ ትንሽ መጽናኛ ይሆነዋል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። «የተዳቀለ አቮካዶ» ሲባል መርፌ የተወጋ ወይም መድኃኒት የገባበት ፍሬ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከቃሉ ነው፤ ላምም ትዳቀላለች፣ ስንዴም ይዳቀላል፣ በዚያ ጊዜ የሁለት ወላጆች ባሕርይ ይቀላቀላል። በፍራፍሬ ችግኝ ላይ ግን የአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ይቀጠላል እንጂ ምንም የሚቀላቀል ነገር የለም። የታችኛው ሥሩን ይሰጣል፣ የላይኛው ፍሬውን ይሰጣል፤ ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ራሳቸውን ሆነው ይኖራሉ። ከዚህ በኋላ የታችኛውን «መሠረት»፣ የላይኛውን «ቀንበጥ» እላቸዋለሁ። በችግኝ ጣቢያ «ሩትስቶክ» እና «ሳየን» ሲባሉ ይሰማሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

እኔ የምሠራው ሐዋሳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ። አቮካዶ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1938 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን ሲገባ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች ከሂርና ጋር አብሮ የሚጠቀሰው እዚሁ አጠገባችን ያለው ወንዶ ገነት ነው። የወራቱን ምክር የእርስዎ አካባቢ ደጋ ወይም ቆላ ከሆነ እንደሁኔታው ያስተካክሉት።

ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥሮ መነሳት

ችግኙ ሜዳ ላይ መተከል ያለበት ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከተዳቀለ በኋላ የሚጠነክርበት ሰባት ወይም ስምንት ወር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚዳቀለው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ይሆናል። መሠረቱ ደግሞ የእርሳስ ውፍረት እስኪደርስ ከስድስት እስከ አሥር ወር ይወስድበታል። ስለዚህ ዘሩ ጥር ላይ መሬት መንካት አለበት። ከጥር እስከ ሰኔ፣ አንድ ዓመት ተኩል። ይህን ሳያሰሉ የጀመሩ ሰዎች መሠረታቸው በሐምሌ ዶፍ ውስጥ ይደርስባቸውና ውሃ በገባበት ቁስል ላይ ይሠራሉ። መቸኮል የፈለገ ከችግኝ ጣቢያ ያልተዳቀለ የአገር አቮካዶ ችግኝ ገዝቶ መጀመር ይችላል፤ ዋጋውም ከተዳቀለው በእጅጉ ያንሳል።

መሠረቱ

ዘሩን በደንብ ከበሰለና ከዛፍ ላይ ከተለቀመ ፍሬ ይውሰዱ። ከመሬት የተለቀመ አይሁን። የሃስን እናት ዛፍ የገደለው ዓይነት ሥር አበስባሽ ሻጋታ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የወደቀ ፍሬም ተሸክሞት ወደ ችግኝ ከረጢትዎ ያስገባዋል። ቴርሞሜትር ካለዎት ዘሩን ከ49 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉና ወዲያው በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ያብርዱት፤ ሻጋታውን ይገድለዋል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ይተዉት። በግምት የሚሞቅ ውሃ ዘሩን ይቀቅለዋል።

ከዚያ ቡናማ ሽፋኑን ይላጡ፤ ከሾለው ጫፍና ከሰፊው ጫፍ ስስ ሽፋን ሸርፈው ይቁረጡ። ቶሎ እንዲበቅል ይረዳዋል። ዘሩ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣልና አያሳድሩት። ዘሩን በስንጥር ወግቶ ብርጭቆ አፍ ላይ ማንጠልጠል ለልጆች ጥሩ ትምህርት ነው፤ ለመሠረት ግን አይመከርም። በውሃ ውስጥ የወጣ ሥር ወደ አፈር ሲዛወር ይሰበራል፣ ጊዜም ያባክናል።

የችግኝ ከረጢቱ ስፋቱ ከ15 እስከ 20፣ ቁመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ ከሥሩ ይበሳ። አፈሩን እኔ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርጌ አቀላቅላለሁ። ትኩስ ፍግ አይግባ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ዘሩ ሰፊው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ፣ ጫፉ ከአፈሩ ትንሽ ብቅ እንዲል ተደርጎ ይተከላል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ይበቅላል። ሁለትና ሦስት ግንድ ካወጣ ጠንካራውን ይተዉና ሌሎቹን ይቁረጡ።

ቀንበጡ፦ ነገሩ የሚወሰነው እዚህ ነው

የመጀመሪያ ዓመት 20 ችግኝ አዳቅዬ የያዙልኝ ሦስት ነበሩ። ቢላዋዬን ወቀስኩ፣ አየሩን ወቀስኩ፣ ጨረቃንም ሳልወቅስ አልቀረሁም። በሁለተኛው ዓመት ዕድሜውን በችግኝ ጣቢያ የፈጀ አንድ አዛውንት ሥራዬን ቆመው አዩና የቆረጥኩትን ቀንበጥ ከእጄ ተቀብለው አጎነበሱት። እንደ ጎመን ዘንግ ተጣጠፈ። «ልጄ፣ ይህ ገና ሕፃን ነው፤ እንዴት ብሎ ቤት ይመራል?» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወደ ዛፉ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ሰባት ወይም ስምንት ይይዝልኛል። በመካከሉ የእጄ ችሎታ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምቆርጠው ቀንበጥ ነው።

እናት ዛፉ ያፈራና ፍሬውን ቀምሰው የሚያውቁት መሆን አለበት። «ጥሩ ነው ብለውኛል» አይበቃም። ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ፍሬ የሚሰስት ሰው እንኳን ቅርንጫፍ አይከለክልም። ፍሬው ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ሰርጎድ ያለ ሰንበር ካዩ ግን ዛፉ የቱንም ያህል ቢያፈራ ይለፉት። እንዲህ ያለው በሽታ በቀንበጥም በቢላዋም ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም።

ከዛፉ ላይ የሚፈለገው ፀሐይ በደንብ ከሚያገኘው ከውጪው ክፍል፣ የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው የቅርብ ጊዜ እድገት ነው፤ ሆኖም መጠንከር የጀመረ። ጎንበስ ሲያደርጉት ይታዘዛል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሳይመለስ ከቀረ ለጋ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ አርጅቷል። ውፍረቱ ከመሠረትዎ ግንድ ጋር ይቀራረብ። ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ድቡልቡልና ወፍራም የሆነው እምቡጥ አበባ ያዘለ ነው፣ ሾል ያለው ደግሞ ቅጠል። የአበባውን ከወሰዱ ቀንበጡ ገና ሳይጣበቅ አብቦ ጉልበቱን ይጨርሳል።

በማለዳ ይቁረጡ። ወዲያውኑ ቅጠሎቹን በመቀስ ይቁረጡና የቅጠሉ ዘንግ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ያድርጉ። ቅጠል እንዳለ ከተተወ ሥር የሌለውን እንጨት ውሃ ይመጥበታል። ቀንበጦቹን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በፌስታል ያድርጉና ጥላ ውስጥ ያቆዩ። በዚያው ቀን መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ግድ ከሆነ በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ጥቂት ቀን ይቆያሉ፤ በረዶ ቤት ውስጥ ግን ይሞታሉ። ከአንድ ዝርያ በላይ ከቆረጡ ስሙን ወዲያው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቅጠሉ የተቆረጠ ሃስና ቅጠሉ የተቆረጠ ኤቲንገር አንዱን ከሌላው መለየት ከባድ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። የመግረዣ መቀስ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ግልጽ ስስ ላስቲክ፣ ትንንሽ ግልጽ ፌስታል፣ አልኮል፣ ጥቂት ሰፈፍ። የማዳቀያ ቢላዋ ካላገኙ አዲስ ምላጭ ይበቃል፤ የወጥ ቤት ቢላዋ ግን፣ በጣም ካልተሳለ በስተቀር፣ እንጨቱን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ላስቲኩን ስፋቱ ሁለት፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጥብጣብ ይቁረጡ። ምላጩን ከአንድ ችግኝ ወደ ሌላው ሲያልፉ በ70 ከመቶ አልኮል ይጥረጉ።

ሥራው

መሠረቱ በዋዜማው በደንብ ውሃ ይጠጣ። በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሌለበት ይሥሩ። ሁሉንም ነገር አጠገብዎ ካዘጋጁ በኋላ ነው የመጀመሪያው ቆረጣ የሚጀመረው፤ ከቆረጣው እስከ ጥቅለላው ሁለት ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው። የምገልጸው የስንጥቅ ዘዴ የሚባለውን ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም።

1. የመሠረቱን ግንድ ከአፈሩ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አግድም ይቁረጡ። ከቆረጣው በታች ሁለት፣ ሦስት ቅጠል ካለ ይተዉለት፤ ሥሩን የሚቀልቡት እነርሱ ናቸው። ብዙዎች «ጉልበቱን ወደ ላይ እንዲሰጥ» ብለው ሁሉንም ይመለምሉታል። ስህተት ነው።

2. የተቆረጠውን ግንድ ከመሃል ወደ ታች ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሰንጥቁ። ምላጩን በቀስታ እያወዛወዙ ያስገቡት፤ በኃይል ከገፉት ስንጥቁ እስከ ሥር ይወርዳል፤ ጣትም አይተርፍም።

3. ቀንበጡን ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ወይም አራት እምቡጥ እንዲኖረው አድርገው ያሳጥሩ። የታችኛውን ጫፍ በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ይጥረቡ፤ እያንዳንዱ ገጽ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በአንድ ስበት የተቆረጠ፣ ለስላሳ። ምላጩን ጠፍጣፋ አድርገው በገጹ ላይ ያስቀምጡና ወደ ብርሃን ያዩት። ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ገጹ ጎድጉዷል፤ እንደገና ይቁረጡት። የተቆረጠውን ገጽ በጣት አይንኩ።

4. ሽብልቁን ስንጥቁ ውስጥ ያስገቡ። አሁን ልብ ይበሉ፦ የሚጣበቀው እንጨቱ አይደለም። ቅርፊቱ ከነጩ እንጨት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ በዓይን የማትታይ ስስ ሕያው ሽፋን አለች። አዲስ ሥጋ የምታበጅ እርሷ ብቻ ናት። የቀንበጡ ሽፋን የመሠረቱን ሽፋን መንካት አለባት። ቀንበጡ ከመሠረቱ ከቀጠነ፣ መሃል ላይ ቢያስቀምጡት ለዓይን ያምራል እንጂ በየትኛውም ወገን አይነካካም። ወደ አንድ ጠርዝ ይግፉትና በዚያ ወገን ያለው መስመር በትክክል ይገናኝ፤ ሌላው ወገን ክፍት ቢቀር ችግር የለውም። ከሽብልቁ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ከስንጥቁ በላይ ይታይ። ጠባሳው እዚያ ላይ አብጦ ሲሞላ ያዩታል።

5. በላስቲኩ ይጠቅልሉ። ከስንጥቁ በታች ይጀምሩና እያጠበቁ ወደ ላይ ይውጡ፤ እያንዳንዱ ዙር የታችኛውን በከፊል ይሸፍን። የሣር ቤት ሲከደን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚነጠፈው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ያው ነው፣ ውሃው ተንሸራቶ እንዲወርድ። መጨረሻውን በመጨረሻው ዙር ሥር አሳልፈው ይቋጩት። ቀንበጡን በሁለት ጣት ነካ ሲያደርጉት ከተነቃነቀ ፈተው እንደገና ይሥሩት። የተነቃነቀ ቀንበጥ አይድንም።

6. የቀንበጡ ጫፍ የተቆረጠ ከሆነ ለብ ባለ ሰፈፍ ይድፈኑት። ሰፈፉ በእጅዎ ጀርባ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ለቀንበጡም ያቃጥላል። ከዚያ ግልጽ ፌስታሉን ቀንበጡን እንዲያለብስ ያድርጉና ከጥቅልሉ በታች ማሰሪያውን ይቋጥሩ። ውስጡ ሲያልበው እርጥበቱ ቀንበጡን ከመድረቅ ያድነዋል።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ

ችግኙን ጥላ ውስጥ ያቆዩት። ፌስታል የለበሰ ቀንበጥ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀቀላል። ጥላ ከሌለዎት የሲሚንቶ ወረቀት ቆርጠው እንደ ቆብ ያድርጉለት። ውሃ አፈሩን እንጂ ላዩን አያጠጡ፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፌስታሉን ሳይፈቱ የተተዉትን የቅጠል ዘንጎች ይመልከቱ። በራሳቸው ከወደቁ ወይም ነካ ሲደረጉ የሚረግፉ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ሕያው እንጨት ነው የማይፈልገውን የሚጥለው። ጠቁረው፣ ተጨማድደው፣ እንደተጣበቁ ከቀሩ ቀንበጡ ሞቷል ማለት ነው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት እምቡጡ ይፈነዳል። ይህ ጊዜ አታላይ ነው። ቀንበጡ በራሱ ስንቅ ቅጠል ማውጣት ይችላልና ሰው «ያዘ!» ብሎ ፌስታሉን ገፍፎ ይጥለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ይጠወልጋል። ቅጠሎቹ ሁለት፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ መጀመሪያ የፌስታሉን አንድ ጥግ ይቅደዱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላውን፤ በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ያውልቁት።

ከመሠረቱ የሚወጣ ማንኛውም አዲስ ቡቃያ ገና ሳለ በአውራ ጣት ይጠረጋል። ይህን በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። መሠረቱ አልሞተም፣ ከሥሩም የቀረበ እርሱ ነው፤ ችላ ካሉት ውሃውን ሁሉ ለራሱ ወስዶ ቀንበጡን ያደርቀዋል። ከዓመታት በኋላ «የተዳቀለ ብዬ የገዛሁት ተለወጠብኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሄጄ አየዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የተዳቀለው ደርቆ ወድቋል፤ ያፈራው ከታች የበቀለው መሠረት ነው።

ላስቲኩን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይፍቱ፤ ቁስሉ ካለበት ፊት ለፊት በተቃራኒው ወገን በምላጭ ሰንጥቀው። ከተረሳ ግንዱን ያንቀዋል፤ በነፋስ ቀንም እዚያው ላይ ይሰበራል።

ካልያዘልዎትስ? መሠረቱን አይጣሉት። ከቆረጣው በታች ያወጣውን ጠንካራ ቡቃያ አንዱን ይተዉ፤ ሲወፍር በእርሱ ላይ ወይም ከጠባሳው ዝቅ ብለው ግንዱ ላይ እንደገና ይሞክሩ። የሞተውን ቀንበጥ ፈተው ያንብቡት። ሽብልቁ ከደረቀ ጥቅልሉ ላልቷል ወይም ፌስታሉ አየር አስገብቷል። ከጠቆረና ከሻገተ ውሃ ገብቷል ወይም ምላጩ ቆሽሿል። አረንጓዴ ሆኖ ግን ካልተጣበቀ መስመሮቹ አልተገናኙም።

ሌላ ፍሬ ለሚያስቡ ጥቂት ቃል። ማንጎም በዚሁ የስንጥቅ ዘዴ ይሠራል፤ ልዩነቱ ቀንበጡ ከመቆረጡ ከሰባት እስከ አሥር ቀን በፊት ዛፉ ላይ እንዳለ ቅጠሉ መገፈፉ ነው፤ ያኔ እምቡጡ አብጦ ይጠብቅዎታል። ብርቱካንና ሎሚ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እምቡጥ ብቻ ተልጦ ከቅርፊት ሥር በማስገባት ይዳቀላሉ። ደጋ ያሉ፣ እንደ ጨንቻ ያለ አካባቢ የሚኖሩ፣ ፖም የሚሠሩት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ተኝቶ ሳለ ነው። በአቮካዶ ላይ ማንጎ ማዳቀል ይቻላል ወይ ብሎ ያልጠየቀኝ እንግዳ የለም። አይቻልም። ዘመድ ያልሆነ እንጨት በጉርብትና አይጣበቅም፤ አቮካዶ በአቮካዶ፣ ማንጎ በማንጎ ነው።

ወደ መሬት

ሰኔ ላይ፣ አዲሱ እድገት ሁለት ዙር ቅጠል አውጥቶ የመጀመሪያው ሲጠነክር፣ ችግኙ ዝግጁ ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት፣ ለሦስት ሳምንት ጥላውን ቀስ በቀስ ይቀንሱለት። ጉድጓዱ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዛፍ ዛፍ ከስድስት እስከ ሰባት ሜትር። የአቮካዶ ሥር እግሩ ውሃ ውስጥ መቆምን አይወድም። ግቢዎ ዋልካ አፈር ከሆነ ከመቆፈር ይልቅ ግማሽ ሜትር ያህል ጉብታ ሠርተው እዚያ ላይ ይትከሉ። የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ በላይ በግልጽ ይታይ። አፈር ካለበሱት ቀንበጡ የራሱን ሥር ያወጣል፣ በሽታም በቁስሉ ይገባል። ደረቅ ሣር በዙሪያው ያንጥፉ፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ምስጥ ይጠራል። ፍየል ያለበት ሰፈር ከሆነ ከመትከል በፊት አጥሩ ይቅደም።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት ካበበ፣ ያዘለውን ፍሬ ይልቀሙለት። ልብ ይጠይቃል፤ ጎረቤቶችም «አበደ» ይላሉ። ነገር ግን ሁለት ፍሬ ለማሳደግ የሚከፍለው ጉልበት ቅርንጫፍ የሚያበጅበት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ይበላሉ።

የጎረቤቴ ዛፍ

ከዘር የበቀለ ትልቅ ዛፍ ያለው ሰው መንቀል የለበትም፤ የዘጠኝ ዓመት ሥር ሀብት ነው። የእርሷን በየካቲት፣ ዛፉ አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ሲል፣ ቅርፊቱ ከእንጨቱ በቀላሉ በሚላቀቅበት ጊዜ ለወጥነው። ግንዱን ከአንድ ሜትር ዝቅ ብለን በመጋዝ ቆረጥነው፤ አንድ ጠንካራ የታችኛ ቅርንጫፍ ግን ሳንነካ ተውንለት፤ ሞግዚት ቅርንጫፍ እለዋለሁ። ያለ እርሱ ሥሩ ይራባል።

ከግንዱ ጠርዝ ወደ ታች ቅርፊቱን ብቻ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሰነጠቅን፤ በምላጩ ጀርባ ከእንጨቱ አላቀቅነው። ቀንበጡን በአንድ ወገን ብቻ ረዘም አድርገን ጠርበን፣ የተጠረበው ገጽ ወደ እንጨቱ እንዲዞር አድርገን ቅርፊቱ ሥር አስገባነው። እንዲህ አራት ቀንበጥ በዙሪያው ገባ። በብስክሌት የውስጥ ጎማ አጥብቀን ጠቀለልነው፤ የግንዱን ክፍት ገጽ በሰፈፍ ደፈንነው፤ እያንዳንዱን ቀንበጥ ፌስታል አለበስነው። ጥላው የተነሳበትን ግንድ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ኖራ በውሃ በጥብጠን ቀባነው።

ከአራቱ ሁለቱን ሃስ፣ ሁለቱን ኤቲንገር ያደረግነው በዘፈቀደ አይደለም። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ ቀጥሎ ወንድ ሆኖ። የሃስ ወገን የሆኑት ጠዋት ሴት ሆነው ተከፍተው ይዘጋሉ፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ይሆናሉ። ኤቲንገርና ፉዌርቴ በተቃራኒው ከሰዓት ሴት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ናቸው። ሁለቱ ሲጎራበቱ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል፤ ንቧም ሥራ አትፈታም። ሁለት ዛፍ መትከያ ቦታ ለሌለው ግቢ አንድ ግንድ ላይ ሁለቱን ማኖር መልካም መፍትሔ ነው።

ከአራቱ ሦስቱ ያዙ። ሞግዚት ቅርንጫፉን ዓመት ሞልቶት ቀንበጦቹ የራሳቸውን ጥላ መጣል ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ ግማሹን፣ ከሦስት ወር በኋላ ቀሪውን ቆርጠን አነሳነው፤ የተቆረጠበትንም ቦታ እንዲሁ በሰፈፍ ደፈንነው።